ለቪዛ፣ ለአባትነት ወይስ ለዘር ሐረግ? የዲኤንኤ ምርመራዎች ንጽጽር

አሜሪካ የሚኖር አባት ልጁን ከአዲስ አበባ ለማስመጣት አመልክቶ ቆንስሉ የዲኤንኤ ማስረጃ ሲጠይቀው፣ በኢንተርኔት የሚሸጠውን የቤት መመርመሪያ ቢገዛ ገንዘቡን በከንቱ ያወጣል። ችግሩ ውጤቱ ስሕተት መሆኑ ሳይሆን ናሙናው የማን እንደሆነ ያረጋገጠ ገለልተኛ ሰው አለመኖሩ ነው።

የቤቱም ሆነ የኤምባሲው የአባትነት ምርመራ በአብዛኛው የሚሠራው በአንድ ዘዴ ነው። የጉንጭ ውስጥ በጥጥ ይታሻል፤ ላቦራቶሪው አጫጭር የዲኤንኤ ቅንጣቶች የሚደጋገሙባቸውን ሃያ ያህል ቦታዎች መርጦ ድግግሞሹን ይቆጥራል። በየቦታው ከእናትና ከአባት አንድ አንድ ቁጥር ይወረሳል፤ ልጁ በአንዱ ቦታ 12 እና 15፣ እናቱ 12 እና 14 ቢኖራቸው፣ 15 የመጣው ከአባቱ ነው፤ የተመረመረው ሰው 11 እና 13 ከሆነ በዚያ ቦታ አልተገናኙም። ሚውቴሽን የሚባለው ድንገተኛ ለውጥ ስላለ አንድ አለመግጠም ብቻውን አባትነትን አያፈርስም፤ በበርካታ ቦታዎች ሲደጋገም ግን ያፈርሳል። ሁሉም ሲገጥም ሰውየው አባት የመሆኑ ዕድል አብዛኛውን ጊዜ ከ99.99 በመቶ ይበልጣል፤ አሜሪካ ለቪዛ የምትቀበለው ዝቅተኛው ደግሞ 99.5 ነው። አባት ነው ከተባለው ሰው ሌላ ወንድሙም የሚጠረጠር ከሆነ፣ የወንድማማች ዲኤንኤ ስለሚቀራረብ፣ ለላቦራቶሪው አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

ለቪዛ የሚመረጠው ላቦራቶሪ የኤኤቢቢ (የዝምድና ምርመራ ላቦራቶሪዎችን መዝኖ ዕውቅና የሚሰጥ የአሜሪካ ማኅበር) ዕውቅና ያለው መሆን አለበት። መመርመሪያውን በቀጥታ ወደ ኤምባሲው የሚልከው ላቦራቶሪው ራሱ ሲሆን ውጤቱም በዚያው መንገድ ይመለሳል፤ አመልካቹ በእጁ አይነካውም። ዋጋው ከቤቱ የሚበልጠው ሳይንሱ ስለተለየ ሳይሆን ለዚህ ጥበቃ ሲባል ነው፤ ቆንስሉ ሳይጠይቅ ቀድሞ መክፈልም አይመከርም።

እንደ አንሴስትሪ ያሉ ድርጅቶች የሚሸጡት የዘር ሐረግ ምርመራ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ነጠላ የዲኤንኤ ነጥቦችን ያነባል። ወላጅና ልጅን በመለየት አይታማም፤ ነገር ግን በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኙ ወንድማማቾች፣ አያትና የልጅ ልጅ፣ አጎትና የወንድም ልጅ ሁሉም 25 በመቶ ገደማ ስለሚጋሩ መቶኛው ብቻውን አይለያቸውም። «ይህን ያህል በመቶ ኢትዮጵያዊ» የሚለው ቁጥር ድርጅቱ ለማነጻጸሪያ በሰበሰባቸው ሰዎች ላይ የተመሠረተ ግምት በመሆኑ ማነጻጸሪያው ሲታደስ ይቀየራል፤ እኔ ከጨዋታ አላሳልፈውም።

አባት በሕይወት ከሌለ፣ ለወንድ ልጅ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈው የዋይ ክሮሞዞም ምርመራ ከአባቱ ወንድም ጋር ሊደረግ ይችላል። ይህ ግን የአባትን የዘር መስመር እንጂ ከወንድማማቾቹ የትኛው አባት እንደሆነ አያሳይም። ሴት ልጅ ዋይ ክሮሞዞም ስለሌላት ለእርሷ የሚሻለው የአባቷን እናትና አባት አብሮ ማስመርመር ነው።