የሞለኪዩላር ምግብ ኪት፦ ዱቄቶቹ ይግቡ፣ መመሪያው ይቅር

መጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የካርቶን ሣጥን ነው። ውስጡ አምስት ዓይነት ዱቄት በትንንሽ ከረጢት ታሽጎ ይመጣል፦ ሶዲየም አልጂኔት፣ ካልሲየም ላክቴት፣ አጋር አጋር፣ ሌሲቲን እና ዛንታን ጋም። መርፌ የሌለው ስሪንጅ፣ ቀዳዳ ያለው ማንኪያ፣ የመለኪያ ማንኪያዎችና የአሠራር መመሪያም አብረው አሉ። ሽፋኑ ላይ ጓንት ያጠለቀ እጅ ብልቃጥ ይዞ ይታያል። ኩሽና ሳይሆን ላቦራቶሪ የምትገቡ እንዲመስላችሁ ነው መሰለኝ።

እናቴ ከረጢቶቹን አገላብጣ አየችና «አንቺ፣ ይሄ የሚበላ ነው የሚዋጥ?» አለችኝ። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ትልልቅ ሼፎችም ተጣልተውበታል። ሞለኪዩላር የሚባለውን፣ በእንዲህ ያሉ ዱቄቶች የምግብን መልክ የሚለውጠውን አበሳሰል ስሙን ያስጠራው ካታሎኒያ ውስጥ የነበረው የሼፍ ፌራን አድሪያ ምግብ ቤት፣ ኤልቡሊ ነው። እዚያው ካታሎኒያ ዝነኛ ሼፍ የነበረው ሳንቲ ሳንታማሪያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 በአደባባይ ወጥቶ እነዚህን ዱቄቶች ነቀፈ። ብዙ ሼፎች ከአድሪያ ጎን ቆሙ፤ ንትርኩ ግን ጋዜጣ ላይ ሰንብቷል። ኤልቡሊ እ.ኤ.አ. በ2011 ተዘጋ። ዱቄቶቹ ግን ይኸው በሣጥን ታሽገው ቤታችን ገቡ።

ከአልጂኔት ልጀምር። ከቡናማ የባሕር አረም የሚወጣ ዱቄት ነው፤ ካልሲየም ሲያገኝ ይረጋል። ሰው ኪቱን የሚገዛውም ለእሱ ነው። 200 ግራም የማንጎ ጭማቂ፣ 1 ግራም አልጂኔት። በማንኪያ አማስላለሁ ብላችሁ እንዳትደክሙ፣ ይጓጉላል። የሚሟሟው በብሌንደር ነው። ብሌንደሩ ደግሞ አየር ያስገባበታል፤ ስለዚህ አረፋው እስኪጠፋ ፍሪጅ ውስጥ ይረፍ። ከዚያ በስሪንጅ ስባችሁ፣ ካልሲየሙ ወደተበጠበጠበት ውሃ ጠብ፣ ጠብ ታደርጉታላችሁ። ጠብታው ውሃውን እንደነካ ዙሪያው ቆዳ ያወጣል። በቀዳዳው ማንኪያ አውጥታችሁ፣ በንጹሕ ውሃ አለቅልቃችሁ፣ ወደ አፍ። ስሱ ቆዳ ጥርስ ላይ ጧ ይልና ማንጎው ምላስ ላይ ይፈሳል። እውነቱን ለመናገር ያስቃል። እናቴም ሳትወድ በግድ ሳቀች።

ወዲያው መብላት ነው ታዲያ። መርጋቱ ወደ ውስጥ ስለሚቀጥል፣ ትንሽ ቆይታችሁ ብትመለሱ የሚጠብቃችሁ ድርቅ ያለ ጄሊ ነው። እርጎ ግን ሌላ ነው። በራሱ ካልሲየም ስላለው ነገሩ ይገለበጣል፤ አልጂኔቱ በውሃ ይበጠበጥና እርጎው በማንኪያ እዚያ ውስጥ ይገባል። ያን ጊዜ የሚረጋው ከውጭ ነው፤ ካለቀለቃችሁት ውስጡ ፈሳሽ እንደሆነ ይቆያል። እኔ ከማንጎው ይልቅ ይሄኛው ይጥመኛል።

አሁን ወደ ብሶቴ። ካልሲየም የበዛበት የቧንቧ ውሃ አልጂኔቱን ገና ስትበጠብጡት ማርጋት ይጀምራል። መመሪያው ስለ ውሃ አንድም ቃል አይተነፍስም። ኮምጣጣ ነገርም አልጂኔት አይስማማውም፤ ለሎሚ ጭማቂ ኮምጣጣነቱን የሚያለዝብ ሶዲየም ሲትሬት መጨመር ግድ ነው። ሣጥኑ ውስጥ ሶዲየም ሲትሬት የለም። የሎሚ ጠብታ አሠራር ግን መመሪያው ላይ ከነፎቶው አለላችሁ! የመለኪያ ማንኪያዎቹንም እርሷቸው። 1 ግራም በማንኪያ አይለካም፤ የግራም ክፍልፋይ የሚያነብ ሚዛን ያስፈልጋል።

ሌሲቲን አረፋ ይሠራል። አረፋው ፎቶ እስክታነሱት ይቆያል። ሌላ የምለው የለኝም።

ዛንታን ጋም ግን ጌታ ነው። የቀጠነ ስጎ ላይ ቁንጥር ታክል ነስንሳችሁ ብትመቱት፣ ማፍላት ሳያስፈልግ ይወፍራል፤ ጣዕሙ አይነካም። ዘይትና ኮምጣጤ ቶሎ እንዳይለያዩም ይይዛል። እጃችሁ ከበዛ ይዝለገለጋል፣ ተጠንቀቁ።

ከሁሉ የበለጠብኝ አጋር አጋር ነው። ጄላቲን ሙቀት ሲነካው ይቀልጣል፤ አጋር ግን አንዴ ከረጋ እስከ 85 ዲግሪ አካባቢ ይቋቋማል። ትኩስ ጄሊ ይቀርብበታል ማለት ነው። ባልሳሚክ ኮምጣጤ ከአጋር ጋር አፍልታችሁ፣ በደንብ በቀዘቀዘ ዘይት ውስጥ አንጠባጥቡት። ጠብታው እየሰመጠ ድብልብል ብሎ ይረጋል። ቲማቲምና ሞዛሬላ አይብ ላይ ስትበትኑት ኮምጣጤው ሳህኑን አያጥለቀልቀውም፤ በየጉርሻው ትንሽ ትንሽ ይደርሳል። እዚህ ላይ ሙከራው ለምግቡ ሠራ።

ይህ ዱቄት ታዲያ የማንም ላቦራቶሪ ግኝት አይደለም። ጃፓኖች ካንተን እያሉ ከባሕር አረም አውጥተው ለዘመናት ጣፋጭ ሲያረጉበት ኖረዋል። ሽፋኑ ላይ በጓንት የተያዘው «የነገው ምግብ» የአንዲት ጃፓናዊት አያት የዘወትር ዕቃ ነው።

የመመሪያው ችግርም ይኸው ነው። «የአገር ምግቦች በአዲስ መልክ» የሚል ክፍል አለው። ጋዝፓቾን፣ የስፔኑን ቀዝቃዛ የቲማቲም ሾርባ፣ ጠብታ፤ የግሪክ ሰላጣን አረፋ ያደርጋል። የአገር ምግብ አርጅቶ የተቀመጠ፣ እኛ መጥተን የምናድሰው ነገር ይመስለዋል። ኧረ ሲለዋወጥ ነው የኖረው! ቲማቲም ራሱ ከአሜሪካ አህጉር ወደ አውሮፓ የገባው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ዛሬ ያለ እሱ የጣሊያንን ማዕድ ማን ያስባል? የጃፓኖቹ ጥብስ ቴምፑራም የፖርቹጋሎች እጅ አለበት።

ጣሊያናዊው ሼፍ ማሲሞ ቦቱራ በከተማው ሞዴና ውስጥ ስድስት ቶርቴሊኒ (ውስጡ የተሞላ ትንንሽ ፓስታ) ብቻ መረቅ ላይ ደርድሮ ሲያቀርብ የከተማው ሰው ተቆጥቶ ነበር። እዚያ ቶርቴሊኒ በሳህን ሙሉ ነው የሚበላው። እሱ ግን ያደገበትን ምግብ ነው የነካካው፤ እያንዳንዷን አስተውላችሁ እንድትበሉ ፈልጎ ነው። ምግብ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2016 በዓለም ምርጥ 50 ምግብ ቤቶች ዝርዝር አንደኛ ወጣ። የመመሪያው የግሪክ ሰላጣ ግን ለምን አረፋ እንደሆነ ራሱም የሚያውቅ አይመስልም። ሠርቼ በላሁት። የኪያርና የወይራ ሽታ ያለው አየር እንደመዋጥ ነው። ሰላጣ ካማረኝ ቲማቲሙን ቆርጬ እበላለሁ።

ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ሙሉውን ሣጥን ግዙ። ስሪንጁን ለመያዝ የሚኖረው ሽሚያ ብቻ ያስገዛል። ለራሳችሁ ከሆነ ግን አጋሩን፣ ዛንታኑንና ጥሩ ሚዛን ለየብቻ ብትገዙ ይሻላል። አልጂኔቱ ካማራችሁ፣ ሌላ ጊዜ መጨመር ትችላላችሁ፤ ያን ጊዜ ሶዲየም ሲትሬቱን እንዳትረሱ።