ለላንድ ክሩዘር 80 ሊፍት ኪት መምረጥ፦ ታኮ፣ 50 ወይስ 100 ሚሊሜትር?

ቶዮታ ላንድ ክሩዘር 80ን ለዓለም ገበያ በዋናነት ያመረተው እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 1997 ስለሆነ፣ ዛሬ በእጃችን ካሉት መካከል በዕድሜ ትንሹ እንኳ ወደ ሠላሳ ዓመት እየተጠጋ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ያለን መኪና አድሶ ማቆየት ከቀድሞው የበለጠ ትርጉም አግኝቷል። የዚህ መኪና ባለቤት ሞላና የሞላውን መንጠር የሚገታውን ሾክ ለመቀየር ሲነሳ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሚሊሜትር ከፍ ላድርገው?» ብሎ ነው። በእኔ እምነት መቅደም ያለበት ጥያቄ «መኪናው ሁልጊዜ ስንት ኪሎ ተሸክሞ ይውላል?» የሚለው ነው፤ ምክንያቱም ከፍታው በጥቂት ሚሊሜትር ቢሳሳት ያን ያህል ጉዳት አያመጣም፣ ለክብደቱ የማይስማማ ሞላ ግን መኪናውን ለዓመታት የማይመች ያደርገዋል።

ማንኛውም ሊፍት ኪት (መኪናውን ከፍ የሚያደርግ የሞላና የሾክ ስብስብ) ከመገዛቱ በፊት መኪናው አሁን በምን ከፍታ ላይ እንደቆመ መለካት አለበት። ለጥ ባለ ቦታ ላይ አቁሞ፣ ሁለት ሦስት ሜትር ወደፊትና ወደኋላ ካንቀሳቀሱት በኋላ፣ በአራቱም ጎማዎች ከጎማው እምብርት መሃል እስከ ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው የአካሉ ክፍል) ጠርዝ ድረስ በሜትር ይለካል። ከመሬት ጀምሮ መለካት የጎማው ስፋትና ንፋስ ስለሚያሳስት አይረባም። በአሮጌ 80 ላይ የአንዱ ጎን ቁጥር ከሌላው ዝቅ ብሎ መገኘቱ የተለመደ ነው። የመኪናው ሞላ በ30 ሚሊሜትር ሟሽሾ ከሆነ፣ «50 ሚሊሜትር» ተብሎ የተገዛው ኪት ለዓይን 80 ሚሊሜትር የጨመረ ይመስላል፤ የመሪና የአክስል (የግራና የቀኝ ጎማን የሚያገናኘው ዘንግ) ማዕዘኖች የሚዛቡት ግን ከፋብሪካው ከፍታ ተነሥቶ በሚቆጠረው 50 ሚሊሜትር ልክ ነው። በዚህ ምክንያት መኪናቸውን ከፍ ማድረግ የፈለጉ ሰዎች የፋብሪካውን ዓይነት አዲስ ሞላ ብቻ ቢያስገቡ የሚረኩበት ጊዜ አለ።

ታኮ፣ 50 እና 100 ጎን ለጎን

ርካሹ መንገድ ከሞላው ጫፍ ላይ ከጎማ፣ ከፖሊዩሪቴን ወይም ከአሉሚኒየም የተሠራ ታኮ ማስገባት ነው። እኔም ከዚሁ ነበር የጀመርኩት። አንድ ጋራዥ በአራቱም ሞላዎች ላይ 40 ሚሊሜትር ታኮ አስገባልኝ፤ መኪናው ቀጥ ብሎ ሲቆም ደስ አለኝ፣ ከተማ ውስጥም ምንም ችግር አላሳየኝም። በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ግን ፍጥነቱ 100 ሲደርስ የመኪናው አፍንጫ ወዲያና ወዲህ መንሳፈፍ ጀመረ፤ ከመውጫው ኩርባ በኋላም መሪውን ስለቅቀው በራሱ ወደ መሃል አልመለስ አለኝ። ሲመረመር ካስተሩ፣ ማለትም መሪው ከተጠመዘዘ በኋላ ቀጥ ብሎ እንዲመለስ የሚያደርገው የአክስሉ ዘንበል ማለት፣ ፋብሪካው ከሰጠው ወደ 3 ዲግሪ ከሚጠጋ ልክ ወደ 1 ዲግሪ ተኩል ወርዶ ተገኘ። በዚህ መኪና ላይ በየ25 ሚሊሜትሩ ከፍታ 1 ዲግሪ ያህል ካስተር እንደሚጠፋ መቁጠር ይቻላል።

የታኮ ሌላው ጉድለት ከሾኩ ጋር የተያያዘ ነው። የሾኩ ርዝመት ሳይለወጥ መኪናው 40 ሚሊሜትር ከፍ ሲል፣ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ወደ ታች የሚዘረጋበት ቦታ በዚያው ልክ ያጥራል። ሾኩ እስከ መጨረሻው ተዘርግቶ ሲመታ ከወለሉ ሥር «ዷ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ከጊዜ በኋላም ማሰሪያው ይላላል። የሟሸሸውም ሞላ ታኮ ስለተደረገበት ጉልበቱ አይመለስለትም። ስለዚህ ታኮ ለእኔ ከፍታ መጨመሪያ ሊሆን አይገባም። አዲስ ሞላ ገብቶ የአንዱ ጎን 10 ሚሊሜትር ዝቅ ሲል ሚዛኑን ለማስተካከል ግን በእርግጥ ይጠቅማል።

የ50 ሚሊሜትር ሙሉ ኪት አራት ሞላዎችንና ለዚያው ከፍታ የተለኩ አራት ሾኮችን የያዘ ነው። ካስተሩን ለማስተካከል የፊት አክስሉን ከሻንሲው (ከመኪናው አጽም) ጋር በሚያያይዘው ራዲየስ አርም ውስጥ ያለውን ጎሚኒ (በብረቶቹ መካከል የሚገባውን የጎማ ቀለበት) ቀዳዳው ከመሃል ፈቀቅ ባለ ጎሚኒ መቀየር ብዙውን ጊዜ ይበቃል። የፋብሪካዎቹ የፍሬን ቱቦዎች አብዛኛውን ጊዜ ይደርሳሉ፤ ይሁንና ጎማው ሙሉ በሙሉ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ሳለ መሪው ወደ ሁለቱም ጎን ተጠምዝዞ፣ ቱቦው አለመወጠሩ በዓይን መታየት አለበት።

100 ሚሊሜትር ከዚህ የተለየ ሥራ ነው። ካስተሩ ወደ 4 ዲግሪ ስለሚያጣ ጎሚኒ ብቻ አይመልሰውም፤ አዲስ ራዲየስ አርም ወይም ማሰሪያውን ዝቅ የሚያደርግ ብረት ያስፈልጋል። አክስሉን ወደ ጎን እንዳይንሸራተት የሚይዘው ፓናርድ ሮድ ርዝመቱ የሚስተካከል ካልሆነ አክስሉ በአንድ ወገን ከፓራፋንጎው ወጣ ብሎ ይታያል። ኃይል ወደ ፊተኛው ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ ወደሚያካፍለው ክፍል) የሚያደርሰው ዘንግ ማዕዘኑ ስለሚበረታ ክሮቼራው (የዘንጉ መጋጠሚያ) ይንቀጠቀጣል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ረዣዥም የፍሬን ቱቦዎች ግዴታ ይሆናሉ። የመኪናው የክብደት ማዕከልም ይወጣል፤ ፖርቶመጋላው ላይ ዕቃ የሚጭን ሰው ይህን በኩርባ ላይ በግልጽ ይረዳዋል። እናትና አባቱን ይዞ የሚጓዝ ሰው ደግሞ ደረጃውን መርገጥ ለእነርሱ ምን ያህል እንደሚከብድ አስቀድሞ ቢያስብበት መልካም ነው። ለድንጋይ መውጣት ብቻ የተዘጋጀ መኪና ከሌለዎት፣ ከ50 በላይ መሄድን አልመክርም።

ከሻጮች ብዙም የማይሰማ አንድ ነገር አለ። ላንድ ክሩዘር 80 ከፊትም ከኋላም ወጥ አክስል (ዲፈረንሻሉን ይዞ ከጎማዎቹ ጋር አብሮ የሚቆም) ያለው መኪና ስለሆነ፣ ሊፍት ኪት ሻንሲውንና አካሉን ያነሣል እንጂ ዲፈረንሻሉን በአንድ ሚሊሜትር እንኳ ከመሬት አያርቀውም። ዲፈረንሻሉን የሚያነሣው ጎማ ነው። ከብዙዎቹ 80ዎች ጋር የመጣው 275/70አር16 ጎማ ቁመቱ 791 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን፣ 285/75አር16 ደግሞ ወደ 834 ይደርሳል፤ የልዩነቱ ግማሽ፣ ማለትም 21 ሚሊሜትር ያህል፣ ከዲፈረንሻሉ ሥር ይገኛል። የ50 ሚሊሜትር ኪት ዋና ጥቅሙም ይህ ጎማ ፓራፋንጎውን ሳይነካ እንዲዞር ቦታ መስጠቱ ነው። ጎማው ሲተልቅ የፍጥነት መለኪያው ከእውነተኛው በ5 በመቶ ገደማ ያነሰ ማሳየት እንደሚጀምርም መዘንጋት የለበትም።

ሞላው በክብደት ይመረጣል

አምራቾች ለአንድ ዓይነት ከፍታ የተለያየ ጥንካሬ ያላቸው ሞላዎችን ያቀርባሉ፤ ለኋላ በተለይ ያለ ጭነት፣ ለ200 ኪሎ፣ ለ400 ኪሎ ቋሚ ጭነት እየተባለ ይከፋፈላል። ቋሚ የሚባለው ከመኪናው የማይወርደው ነው። የብረት ባምፐር፣ ዊንች፣ ሁለተኛ ትርፍ ጎማ፣ የጣሪያ ድንኳን ይቆጠራሉ፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ለበዓል ወደ አገር ቤት ሲኬድ የሚጫነው ጤፍና በግ አይቆጠርም። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ናፍጣ ከነዕቃው 40 ኪሎ ግራም ያህል እንደሚመዝን ይዞ፣ የቀረውን በሚዛን አስመዝኖ በወረቀት መደመር ይበጃል።

ሰዎች «ይበርታልኝ» ብለው ከሚያስፈልጋቸው አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ሞላ ይወስዳሉ፤ ይህ በጣም የማዝንበት ስሕተት ነው። ለ400 ኪሎ የተሠራ ሞላ ሁለት ሰው ብቻ በያዘ መኪና ላይ ሲገባ፣ እንደ ቆርቆሮ በተሸበሸበ ኮረኮንች ላይ የኋላው ጎማ መሬቱን መያዝ ትቶ ይዘላል። ከኋላ የተቀመጡት ይጎዳሉ፤ መኪናው በኩርባ ላይ ወደ ጎን ይንሸራተታል፤ ፍሬን ሲያዝም የሚቆምበት ርቀት ይረዝማል። በሁለት መካከል ለሚያመነታ ሰው ቀለል ያለውን እመክራለሁ።

ሾክ፦ ባለ አንድ ቱቦ ወይስ ባለ ሁለት?

በአገራችን መንገድ ላይ የሾክ ትልቁ ጠላት ሙቀት ነው። በረጅም ኮረኮንች ላይ ሾኩ በደቂቃ ብዙ መቶ ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚሠራ ዘይቱ ይግላል፤ ዘይቱ ከጋዝ ጋር ተቀላቅሎ አረፋ ሲሆን ደግሞ ሾኩ መያዙን ያቆምና መኪናው እንደ ጀልባ ይዋልላል። ባለ አንድ ቱቦ ሾክ፣ ለምሳሌ የጀርመኑ ቢልስታይን፣ ዘይቱንና ከፍተኛ ግፊት ያለውን ናይትሮጅን በተንሳፋፊ ፒስተን ስለሚለያይ አረፋ አያበጅም፤ የውጪው ግድግዳም በቀጥታ ነፋስ ስለሚያገኘው ቶሎ ይቀዘቅዛል። መሪው ላይ የሚሰጠው ትክክለኛ ስሜትም ለአስፋልት ተጓዥ ደስ ይላል። ነገር ግን ፒስተኑ የሚመላለሰው በዚያው በውጪው ቱቦ ውስጥ ስለሆነ፣ እንደ አፋሩ የኤርታሌ መንገድ ባለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ አንድ ስለት ቱቦውን ካጎደጎደው ፒስተኑ ይነክሳል፣ ሾኩም በዚያው ያበቃል።

ባለ ሁለት ቱቦው ከውጪ ቢጎደጉድም የውስጠኛው ቱቦ ካልተነካ መሥራቱን ይቀጥላል። ለሙቀቱ መፍትሔ ሆኖ የመጣው በሁለቱ ቱቦዎች መካከል ጋዝ አምቆ የያዘ ስፖንጅ የሚቀመጥበት ዓይነት ነው፤ ስፖንጁ ነፃ ጋዝ ከዘይቱ ጋር እንዳይቀላቀል ያደርጋል፣ ሰውነቱም ወፍራም ስለሆነ ብዙ ዘይት ይይዛል። የአውስትራሊያዎቹ አይረንማን እና ተፍ ዶግ በዚህ ይታወቃሉ። የሌላው የአውስትራሊያ ኩባንያ የኤ.አር.ቢ. ምርት የሆነው ኦልድ ማን ኢሙ ናይትሮቻርጀር ስፖርት ባለ ሁለት ቱቦ ሆኖ በዝቅተኛ ግፊት ጋዝ ይሠራል፤ ሞላውና ሾኩ አንድ ላይ ተጠንተው ስለሚቀርቡ ባዶውን ለሚነዳም ምቾቱ ጥሩ ነው። ዶቢንሰንስ ደግሞ የሞላ ምርጫው ሰፊ ስለሆነ ያልተለመደ ክብደት ላለው መኪና ይመቻል። አብዛኛውን ጊዜውን ከአስፋልት ውጪ ለሚያሳልፍ ሰው ምርጫዬ ስፖንጅ ያለው ባለ ሁለት ቱቦ ሲሆን፣ ለከተማና ለረጅም አስፋልት ግን ባለ አንድ ቱቦውን አስቀድማለሁ። ከሁሉም በላይ ግን የላይና የታች ጎሚኒው ለብቻው ተገዝቶ የሚተካለትን ሾክ ይምረጡ፤ በአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ በሶማሌ ተራ ዞሮ የማይገኝ ጎሚኒ ደኅናውን ሾክ ያስጥላል።

ባሌስትራ ላለው

ላንድ ክሩዘር 60 ወይም 75 ያለው ሰው በሞላ ፈንታ በአራቱም ወገን ባሌስትራ (የተደራረቡ የብረት ንጣፎች) ስላለው ምርጫው ጠባብ ነው። አሮጌውን አስመትቶ ማጎበጥ ርካሽ ቢሆንም ብረቱ ቀድሞ ስለደከመ በጥቂት ወራት ተመልሶ ይተኛል። አንድ ንጣፍ ማስጨመር ለጭነት መኪና ይሆናል፣ ለቤተሰብ መኪና ግን ያደርቀዋል። ከባሌስትራው ጫፍ ያለውን ማንጠልጠያ ማስረዘም ደግሞ የአክስሉን ማዕዘን ስለሚያዛባ ፈጽሞ አልመክረውም። እዚህም አዲስ ሙሉ ባሌስትራ ከአዲስ ጎሚኒ ጋር መግዛት ይሻላል። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ዩ ቦልቶች አንዴ ተጠብቀው የተለጠጡ ስለሆኑ ከባሌስትራው ጋር አብረው መቀየር አለባቸው።

ሲገጠም የሚረሳው

በ80 ላይ ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ የፍሬን ግፊት ማከፋፈያ አለ። መኪናው ሲጫን አክስሉና ሻንሲው ስለሚቀራረቡ ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ግፊት ይሰጣል። ሊፍት ኪት ሲገባ ግን ሁለቱ ስለሚራራቁ፣ መኪናው ሁልጊዜ ባዶ እንደሆነ ይቆጥርና የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል። የፊቶቹ ፍሬኖች ብቻቸውን ሲሠሩ በዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ ምን እንደሚከተል መገመት አያዳግትም። መፍትሔው ማሰሪያውን በ50 ሚሊሜትሩ ልክ ከፍ የሚያደርግ ትንሽ ብረት ማስገባት ወይም ዘንጉን ማስተካከል ነው፤ ኪት ሲገዙ ይህ ብረት በውስጡ መኖሩን ይጠይቁ።

የራዲየስ አርምና የፓናርድ ሮድ ቡሎኖች በመጨረሻ የሚጠበቁት መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ሳይሆን በአራት ጎማው መሬት ላይ ቆሞ ነው። ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ከተጠበቁ፣ መኪናው ሲወርድ ጎሚኒው እንደተጠመዘዘ ይቀርና በአጭር ጊዜ ይቀደዳል፤ ይህንንም መካኒኩ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በትሕትና መንገር ተገቢ ነው። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ቡሎኖቹ ሁሉ እንደገና ይጠበቃሉ፤ ሞላው ቦታውን ከያዘ በኋላ ከጎማው እምብርት እስከ ፓራፋንጎው ያለው ልክ ዳግመኛ ተለክቶ ከመጀመሪያው ቁጥር ጎን ይጻፋል፤ የካስተር ምርመራውም የሚደረገው ያን ጊዜ ነው።