በመቀስ የምትቆረጥ ምስክር፦ የሲሊካ ጄል 60 ኤፍ 254 ቲኤልሲ ፕሌት ግምገማ

የሞለኪውልን አሠራር ስለሚያሳየው ስለ ኤን ኤም አር ማሽን ብጽፍ የሚያነበኝ ይበዛ ነበር። እኔ ግን ግምገማ ልጻፍ ብዬ የተነሣሁት በመቀስ ቆርጠን፣ አንዴ ተጠቅመን ስለምንጥላት ነገር ነው፦ ሲሊካ ስለተቀባች፣ ጀርባዋ አሉሚኒየም ስለሆነች የቲኤልሲ (የስስ ንብር ክሮማቶግራፊ) ፕሌት። ግርጌዋ ላይ ድብልቅ ጠብ ተደርጎ አሟሚ ውስጥ ስትቆም፣ አሟሚው ወደ ላይ ሲወጣ ውህዶቹን ይዟቸው ይወጣል፤ እያንዳንዱም በራሱ ፍጥነት ስለሚሄድ ይለያያሉ። ከእፅዋት አልካሎይድ (ናይትሮጅን ያለበት፣ አብዛኛውን ጊዜ ቤዝ የሆነ ውህድ) ሳወጣ፣ ናይትሮጅን ያለባቸውን ቀለበቶች ስሠራና ሳስተምር ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከማንም ባልደረባዬ ይልቅ አፍጥጬ የኖርኩት እሷ ላይ ነው። ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻታለሁ። አንዷን ለምን እንደነፈግኳት ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ስሟን እንፍታው። ሳጥኑ ላይ የታተመው "60" የሲሊካው ቅንጣቶች ቀዳዳ በአማካይ 60 አንግስትሮም ስፋት እንዳለው ይናገራል። "ኤፍ" የሚያበራ ነገር ተቀላቅሎባታል ማለት ነው፤ 254 ደግሞ የሚያበራት የዩቪ ጨረር የሞገድ ርዝመት በናኖሜትር። ሳጥኑ 20 በ20 ሳንቲሜትር የሆኑ 25 ሉሆች ይይዛል፤ የሲሊካው ውፍረት 0.2 ሚሊሜትር ብቻ ነው። መብራቱ ሥር ስትገባ ገጿ በሙሉ አረንጓዴ ይሆናል፤ ይህን የሚያደርገው ማንጋኒዝ የተጨመረበት ዚንክ ሲሊኬት ነው። ጨረሩን የሚውጥ ውህድ ያረፈበት ቦታ ላይ ጥቁር ነጥብ ይታያል። የምናየው እንግዲህ የውህዱን ጥላ ነው። ፒሪዲን፣ ኪኖሊን ወይም ኢንዶል የሚባሉት የናይትሮጅን ቀለበቶች ያሉባቸው ሞለኪውሎች ጥላቸው ደማቅ ነው፤ ስኳርና አብዛኛው ተርፒን (የብዙ ዕፅዋት ዘይት ውህድ) ግን ጥላ የላቸውም። አዲስ ተማሪ በገባ በሳምንቱ "አንድ ነጥብ ብቻ ነው፣ ጠርቷል!" እያለ ሲመጣ ምንም አልመልስለትም፤ የአዮዲኑን ጠርሙስ በጣቴ አሳየዋለሁ። ፕሌቷ አዮዲን ትነት ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ቆይታ ስትወጣ አንዱ ነጥብ አራት ሆኖ ያገኘዋል። ፊቱ ላይ የሚታየውን ነገር እኔም አልፌበታለሁ።

እኔ የጀመርኩት በተዘጋጀችው ፕሌት አልነበረም። የሲሊካ ጄል "ጂ" ዱቄት በእጥፍ ውሃ በጥብጠን መስታወት ላይ አፍስሰን በመስታወት ዘንግ እንዳምጠው ነበር። "ጂ" ጂፕሰም ማለት ነው፤ ዱቄቱን ከመስታወቱ ጋር የሚያያይዘው እሱ ነው። ታዲያ ጂፕሰም አይጠብቅም። ሁለት ሦስት ደቂቃ ከዘገያችሁ ጠርሙሱ ውስጥ ደርቆ ድንጋይ ይሆናል። ቢሳካም አንደኛው ዳር ይወፍራል፣ ሌላኛው ይሳሳል፤ አሟሚው እንደ ሰካራም እያዘነበለ ይወጣል። ሐሳቡ ግን ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች ትዕግሥት ያፈራው ነው። ሚኻይል ጽቬት የቅጠል ቀለሞችን በዱቄት በተሞላ ቱቦ ለይቶ፣ ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1906 ክሮማቶግራፊ ብሎ ሰየመው። ኢዝማይሎቭና ሽራይበር በ1938 ኻርኪቭ ውስጥ ቱቦውን ትተው ዱቄቱን መስታወት ላይ ዘረጉት፤ ፍለጋቸው የመድኃኒት ዕፅዋት ቅንብሮችን የሚፈትሹበት ፈጣን መንገድ ነበር። በ1950ዎቹ ኤጎን ሽታል ዱቄቱንም መዘርጊያውንም በመለኪያ አስተካክሎ ዘዴውን ለዓለም ላቦራቶሪ ሁሉ አበቃው። የዛሬዎቹ ፕሌቶች በጂፕሰም ፋንታ ፖሊመር ስላላቸው በእርሳስ ቢጻፍባቸው አይፈረፈሩም። በዚህ ብቻ አንድ ኮከብ ይገባቸዋል።

ስለ ጀርባዋ ብዙ አልልም። መስታወት አሲድም እሳትም ይችላል፤ ግን መቁረጡ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ፕላስቲክ በቀላሉ ይቆረጣል፤ ማሞቂያው ላይ ሲቀመጥ ይጠቀለላል። አሉሚኒየም መካከለኛው ነው፦ በመቀስ ይቆረጣል፣ ሙቀት ይችላል፣ ደብተር ላይ ይለጠፋል። የሚቆረጠው ግን በስለታም መቀስ መሆን አለበት። መቀሱ ከደነዘ ዳሩ ላይ ሲሊካው ይላጣል፣ አሟሚውም በተላጠው በኩል ይጣመማል፤ ተማሪውም ዳር ላይ ያረፈው ነጥብ ለምን ከመሃሉ እንደተለየ ሊያስረዳኝ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል።

ዋናው ደስታዋ ርጭት ሲነካት ነው። ድራገንዶርፍ ሪኤጀንት፣ ማለትም በአሲድ የሟሙ የቢስሙት ጨውና ፖታሲየም አዮዳይድ፣ አልካሎይድ ሲያገኝ ብርቱካናማ ይሆናል። ኤርሊክ የሚባለው ርጭት ኢንዶል ሲያገኝ ወደ ሐምራዊና ሰማያዊ ይሄዳል። ቫኒሊንና ሰልፈሪክ አሲድ ተርፒኖችን ሐምራዊም ሰማያዊም ሮዝም ያደርጋቸዋል። 366 ናኖሜትር መብራት ሥር ደግሞ ብዙ ኩማሪኖች ያለ ምንም ርጭት በሰማያዊ ያበራሉ፤ በርበሪን የሚባለው አልካሎይድ ቢጫ ሆኖ ይፈካል። ይህን ሁሉ በአንዲት ጣት በምታክል ቁራጭ ላይ ማየት ዛሬም አልሰለቸኝም። ሆኖም ድራገንዶርፍን እንደ ዳኛ አትመኑት፤ ናይትሮጅን የሚባል የሌላቸው አንዳንድ ውህዶችም ያታልሉታል። በተቃራኒው ካፌይን አራት ናይትሮጅን ተሸክሞ ሳለ፣ የድራገንዶርፍ ዘመድ የሆነው ሜየር ሪኤጀንት ሳያየው ያልፋል።

አሁን ወደ ነፈግኳት ኮከብ። ሲሊካ አሲዳማ ነው። "60" እና "254" ብሎ ያተመ ፋብሪካ ይህን ለመጻፍ አንድ መስመር ቦታ አጥቶ አይመስለኝም። ከናይትሮጅን ቀለበቶች ጋር ለሚኖር ሰው ከሁሉም በፊት መታወቅ ያለበት ይህ ነበር። ሦስት ውህዶች ጎን ለጎን ጠብ አድርጋችሁ ሞክሩት፦ ፒፔሪዲን ያለበት፣ ፒሪዲን ያለበትና ኢንዶል ያለበት። የመጀመሪያው ከተነሣበት ሳይርቅ ረጅም ጭራ ያወጣል፤ ናይትሮጅኑ ጠንካራ ቤዝ ስለሆነ (የተጓዳኝ አሲዱ ፒኬኤ 11 ገደማ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቤዙ ይጠነክራል) የሲሊካው አሲድ ቀፍድዶ ይይዘዋል። ፒሪዲን ፒኬኤው 5.2 ገደማ ስለሆነ ትንሽ ይንቀራፈፋል እንጂ ይሄዳል። ኢንዶል ግን ክብ ነጥብ ሆኖ ይወጣል፤ የናይትሮጅኑ ጥንድ ኤሌክትሮኖች ለቀለበቱ አሮማቲክነት ስለተሰጡ ለአሲድ የሚተርፍ የለውም። ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ስለ ሄትሮሳይክል (ከካርቦን ሌላ አቶም ያለበት ቀለበት) ቤዝነት ሁለት ክፍለ ጊዜ ለፍልፌ ያልገባቸውን ይህች ፕሌት በአሥር ደቂቃ አስረድታልኛለች። ስለዚህ ጭራውንም እንደ ጉድለት ብቻ መቁጠር ይከብደኛል። መፍትሔውም ቀላል ነው፤ አሟሚው ላይ ከመቶ አንድ እጅ ትራይኤቲልአሚን ጨምሩ፣ ጭራው ይሰበሰባል።

ጭራ ሳያወጡ የሚበላሹት ይብሳሉ። በአሲድ የሚፈርስ ውህድ ፕሌቷ ላይ እየወጣ ሳለ ወደ ሌላ ነገር ይለወጥና "ሁለት ውህድ አለኝ" ያስብላችኋል። ይህን ለመያዝ አንዲት ዘዴ አለች፣ እኔ ያለሷ ኮለም (ውህድ በብዛት የሚለይበት፣ በሲሊካ የሚሞላ ቱቦ) አልሞላም። አራት ማዕዘን ቁራጭ ውሰዱ፣ ጥጉ ላይ አንድ ነጥብ ጠብ አድርጉ፣ አስወጡ፣ አድርቁ፣ 90 ዲግሪ አዙሩና በዚያው አሟሚ ድገሙት። ጤነኛ ውህዶች ከጥግ ወደ ጥግ በሚሄደው መስመር ላይ ይሰለፋሉ። ከመስመሩ የወጣ ነጥብ ካለ ሲሊካው ላይ የተወለደ ነው።

ግን ፕሌቷ ያላጠፋችውን ጥፋት ልጭንባት አልፈልግም። የዶክትሬት ሁለተኛ ዓመቴ ላይ ከጄንሺያን ቤተሰብ የሆነ የአንድ መራራ ተክል ሥር ይዤ ነበር። መጽሐፍ እንደሚያዘው ዱቄቱን በአሞኒያ አርሼ በክሎሮፎርም አወጣሁት። ድራገንዶርፍ ስረጭበት አንድ ነጥብ፣ ብርቱካናማ፣ ክብ፣ ብቸኛ። እንዲህ ያለ የሚያምር ነጥብ አይቼ አላውቅም። የሞለኪውሉን ክብደት የሚነግረው ማስ ስፔክትረም 175 አለ፤ ጎዶሎ ቁጥር ስለሆነ አንድ ናይትሮጅን መኖሩ ታየኝ። ኤን ኤም አሩ የፒሪዲን ቀለበት ሁለት ነጠላ ፒኮችንና የቪኒል ምልክቶችን ሰጠኝ። ጄንሺያኒን የሚባለው አልካሎይድ ነበር። ውህዱ ራሱ የታወቀ ነው፤ ከዚያ ተክል ግን ማንም አላወጣውም ብዬ ጽሑፉን ጀመርኩ። አራት ወር ሄደ።

አማካሪዬ ረቂቁን አንብበው ፕሌቷን ጠየቁኝ። መስኮቱ ጋ ወስደው ብዙ አዩዋት።

"ቆንጆ ነው" አሉ። "አሞኒያውን ትተሽ እስኪ ድገሚው።"

"ፕሮፌሰር፣ ያለ ቤዝ እኮ አልካሎይዱ ከጨውነቱ አይላቀቅም።"

"ሶዲየም ካርቦኔትስ ቤዝ አይደለም እንዴ?"

ደገምኩት። ፕሌቷ ባዶ ወጣች፣ ብርቱካናማ የሚባል የለም። አምስት ጊዜ ብደግመውም ያው። ተክሉ ውስጥ የነበሩት ስወርቲያማሪንና ጄንሺዮፒክሮሳይድ የሚባሉ፣ ስኳር የተሸከሙ መራራ ውህዶች ናቸው፤ ናይትሮጅን የላቸውም። አሞኒያ ሲያገኙ ቀለበታቸው ይከፈትና ናይትሮጅኑን መሃል አስገብቶ ፒሪዲን ሆኖ ይዘጋል። የአልካሎይዴ ናይትሮጅን የመጣው ከእኔው ጠርሙስ ነበር። የሚያናድደው ደግሞ፣ ካርቦኒል ያላቸውን ውህዶች ከአሞኒያ ጋር አገናኝቶ የፒሪዲን ቀለበት መሥራትን ኬሚስቱ ሃንች በ1880ዎቹ አሳይቶናል፤ እኔም በዚያው ዓመት ለተማሪዎች ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስስለው ነበር። ፎቅ ላይ የማስተምረውን ምድር ቤት አላወቅኩትም። (በርበሪን ያላችሁም ክሎሮፎርምን ተጠንቀቁ፤ ቤዝ ባለበት ሦስት ክሎሪን ያለው ቁራጭ ለጥፎበት "አዲስ" ውህድ ያስመስለዋል።)

ያቺ ፕሌት አሁንም ደብተሬ ላይ በስኮች ተለጥፋ አለች። ብርቱካናማው ቡናማ ሆኗል።

ስለ አቅርቦቷ አጭር ቅሬታ አለኝ። ስሙን የማልጠራው አንድ አከፋፋይ ያለፈውን ሳጥን ጥጉ ተጨፍልቆ አመጣልኝ፤ አምስት ሉህ ዳሩ ረግፎ ነበር። መልሱልኝ ብዬ ብጽፍም እስካሁን "እየታየ ነው" ላይ ነን። ሌላው እርጥበት ነው፤ ክዳኑ ተከፍቶ የከረመ ሉህ ውሃ ይጠጣና የትናንቱ 0.35 (ውህዱ የሄደው ርቀት አሟሚው ለሄደው ርቀት ሲካፈል) ዛሬ 0.5 ይሆናል። ኦቨን ውስጥ 110 ዲግሪ ላይ ግማሽ ሰዓት ቢቆይ ይመለሳል። 0.35ን የጠቀስኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ክላርክ ስቲልና ባልደረቦቹ በ1978 ፍላሽ ኮለምን (በግፊት የሚፈጥን ኮለም) ሲያስተዋውቁ የምትፈልጉት ውህድ ፕሌቷ ላይ እዚያ አካባቢ የሚቆምበትን አሟሚ ምረጡ ብለዋል። እኔ እስካሁን ከዚያ ምክር ወጥቼ የተጠቀምኩበት ቀን የለም።

"ኤልሲ ኤም ኤስ ካለ ይህች ምን ታደርጋለች?" የሚሉኝ አሉ። ያ ውህዶችን በኮለም ለይቶ አዮን እያደረገ የሚመዝን ማሽን ከኮለሙ የማይወጣውን ውህድ አያሳያችሁም፣ አዮን የማይሆነውንም አያየውም። ፕሌቷ ላይ ግን የማይሄደው መነሻው ላይ፣ የሚሄደው ደግሞ ግንባር ላይ አለ፤ ያስቀመጣችሁት ሁሉ ካልተነነ በቀር እዚያው ነው። ለብዛት መለኪያ ግን አትግዟት። በውሃ ብቻ ለሚሟሙ፣ ብዙ ስኳር ለተሸከሙ ግላይኮሳይዶችም አትሆንም፤ ለእነሱ አርፒ 18 የሚባለውን ፕሌት ፈልጉ። ጠንካራ ቤዞች ብቻ የምትሠሩ ከሆነ አንድ ሳጥን አሉሚና አብራችሁ እዘዙ።

የምትገዙ ከሆነ አሉሚኒየም ጀርባ ያላትን ግዙ፣ ሳጥኑ የተከፈተበትን ቀን ክዳኑ ላይ በእርሳስ ጻፉ፣ ለእሷ ብቻ የሚሆን መቀስም መሳቢያ ውስጥ ቆልፉበት። የእኔን መቀስ ማን ካርቶን እንደሚቆርጥበት ገና አልደረስኩበትም።