ማክሊዮድ፦ ሬክም መኮትኮቻም ነኝ የሚለው መሣሪያ

መልኩን አይታችሁ አትፍረዱ። ማክሊዮድ ሲያዩት ሠሪው «ሬክ ልሥራ ወይስ መኮትኮቻ?» እያለ ሲያመነታ የመሸበት ይመስላል። በአንድ ጎኑ ስለት ያለው ሰፊ ምላጭ፣ በሌላው ጎኑ አጫጭርና ወፋፍራም ጥርሶች፣ መሃል ላይ ረጅም ዛቢያ። ቀላልም አይደለም። አብረውኝ መንገድ የሚጠግኑት ልጆች መጀመሪያ ሲያዩት ስቀውበታል። አሁን ጠዋት መሣሪያ ስንከፋፈል ቀድሞ የሚወሰደው እሱ ነው።

የምጽፈው የተራራ ብስክሌት መንገድ ለሚጠግኑ ሰዎች ነው። በእረፍት ቀናችሁ ወጥታችሁ የፈረሰ «በርም» (የኩርባ የአፈር ግድግዳ) ለምትሠሩ፣ የተሸረሸረ የዝላይ መነሻ ለምታድሱ። መንዳት ብቻ የሚጥማችሁም ማንበብ ትችላላችሁ። አንድ ቀን ግን አካፋ ይዛችሁ ብቅ በሉ፤ መንገዱ በራሱ አይበቅልም።

መሣሪያው ለእኛ ታስቦ አልተሠራም። ማልኮም ማክሊዮድ የሚባል የአሜሪካ የደን አገልግሎት ሠራተኛ እ.ኤ.አ. በ1905 ካሊፎርኒያ ውስጥ በሴራ ብሔራዊ ደን ሲሠራ የፈጠረው ነው። የፈለገው የሰደድ እሳትን መግታት ነበር። በጥርሱ ቅጠሉን ይጠርጋሉ፣ በምላጩ ሣሩንና ቀጫጭን ሥሩን ይቆርጣሉ፣ እሳት የሚበላው ነገር የሌለበት ባዶ አፈር ላይ ይደርሳሉ። የእኛም የመጀመሪያ ሥራ ከዚህ አይለይም። ላይኛው ጥቁርና ለስላሳ ብስባሽ ውሃ ይዞ ይቆያል፣ ጎማ ሲያልፍበትም ይቦካል። እሱን ገፍፎ ከሥሩ ያለውን ጠንካራ አፈር ማግኘት የግድ ነው።

ማክሊዮድ ዋጋውን የሚያሳየው ግን በርም ላይ ነው። ለማያውቅ፣ በርም ማለት ኩርባው ላይ በውጭው በኩል ከፍ ተደርጎ የተሠራ የአፈር ግድግዳ ነው። ነጂው እሱን ተደግፎ፣ ብስክሌቱን አጋድሞ፣ ፍሬን ሳይነካ ይታጠፋል። ደህና ነጂ ማለቴ ነው። ሌላው መግቢያው ላይ ፍሬኑን ጭብጥ ያደርግና መሬቱን ይቦረቡረዋል። ከኋላው የሚመጣው ጎርባጣውን ሲያይ እሱም ፍሬን ይይዛል፣ ጎርባጣውም እየባሰበት ይሄዳል። ከዚያ ውሃ ይገባበታል። ኩርባው ሆድ ውስጥ ይተኛና የግድግዳውን እግር ከታች ይበላል።

ብዙ ሰው እንዲህ ዓይነት በርም ሲያይ አፈር ዝቆ ላዩ ላይ ይደፋና በአካፋ ጀርባ መታ መታ አድርጎ ይሄዳል። በቀጣዩ ዝናብ ያ ሁሉ አፈር ተልጦ ታች ይገኛል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አሮጌው ፊት በጎማ ብዛት ተጠቅጥቆ ለስልሷል፤ አዲሱ አፈር የሚይዘው ነገር የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ፊቱን ቧጥጦ ማሻከር ያስፈልጋል። የማክሊዮድ ጥርስ ለዚህ ወደር የለውም። የተራ ሬክ ጥርስ እዚህ ሲደርስ ይጣመማል።

ቀጥሎ አፈሩ በስስ በስሱ ይጨመራል። ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ድረስ ደልድሎ፣ ጠቅጥቆ፣ ከዚያ ሌላ መጨመር። በየመሃሉ ሥር፣ ቅጠልና ልቅ ድንጋይ በጥርሱ ለቅሞ ማውጣት ነው። ሥሩ አፈሩ ውስጥ ከቀረ ይበሰብስና ባዶ ቦታ ይተዋል፣ በርሙም እዚያው ላይ ይሰምጣል። እርጥበቱን በእጅ ማወቅ ይቻላል። አፈሩን ጨብጣችሁ ስትለቁት ተያይዞ ከቆየና በጣት ስትጫኑት ከተሰበረ ልኩ ነው። ከተበተነ ደርቋል። ውሃ ካንጠባጠበ ደግሞ ጠብቁት፤ ጭቃ ቢደበድቡት ጭቃ ነው።

መጠቅጠቁም በዚሁ መሣሪያ ይሆናል። ዛቢያውን ቀጥ አድርጋችሁ ብረቱን አፈሩ ላይ በጠፍጣፋው ታስቀምጡና ከላይ ወደ ታች ትመታላችሁ። ቅድም ያማረርኩበት ክብደት እዚህ ይከፍላል። ቧጣጭ፣ ደልዳይ፣ ጠቅጣቂ፣ ሁሉም በአንድ እጅ። ተራራ ላይ መሣሪያ ተሸክሞ የወጣ ሰው የዚህን ትርጉም ያውቀዋል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ብዙዎቹ ማክሊዮዶች ብረታቸው ከዛቢያው ጋር የሚታሰረው በብሎን ነው፣ የብሎኑም ራስ በታች በኩል ብቅ ይላል። ለእሳት ተከላካይ ይህ ምንም አይደለም። እኛ ግን በመታን ቁጥር ትንሽ ጉድጓድ ይተውልናል። አምሮበት ያለቀው በርም ፈንጣጣ የወጣበት ፊት ይመስላል፣ በየጉድጓዱም ውሃ ይቋጥራል። ብሎን አልባ፣ በብየዳ የተሠራ ዓይነት አለ፤ ለመንገድ ሥራ እሱን ፈልጉ። ባለብሎኑ ብረቱ ተፈትቶ ቦርሳ ውስጥ ስለሚገባ ሩቅ ለሚጓዝ ይመቻል። እኔ ለዚያ ብዬ አልገዛውም።

ስለቱም ከፋብሪካ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ደነዝ ነው። በሞረድ ማውጣት የገዢው ሥራ ሆኗል። የእኔ የመጀመሪያው ማክሊዮድ ደግሞ ዛቢያው ብዙም ሳይቆይ ተሰነጠቀ። ሻጩን ብጠይቅ «አጠቃቀም ነው» አለኝ። ይሁን። የእንጨት ዛቢያ ግን የተልባ ዘይት ሲቀባ ቶሎ አይደርቅም፣ እጅም አይልጥም።

የማይችለውንም ልናገር። ድንጋያማ መሬት ላይ አቅም የለውም፤ እዚያ ዶማ ያዙ። በጥርሱ ድንጋይ ለመፈንቀል የሚታገል ሰው ካያችሁ አስቁሙት። የእንጨት ድልድይ ስትጠግኑ ከእግሩ ሥር የተጠራቀመ አፈርና ቅጠል ከመጥረግ አያልፍም። ያም ቢሆን ጥሩ ነው፣ እንጨት አፈር ከነካ ይበሰብሳልና።

የዝላይ መነሻ ላይ ደግሞ በጥንቃቄ። መነሻው ወደ ላይ የታጠፈ ስለሆነ ሰፊው ምላጭ ቅርጹን ይዞ መሄድ አይችልም፤ ጎበጥ ያለውን ትቶ ቀጥ ያደርገዋል። ጫፉ ላይ የምትደረግ ትንሽ ለውጥ ነጂው አየር ላይ የሚሄድበትን መስመር ትቀይራለች። ትናንት በለመደው ፍጥነት የመጣ ሰው ዛሬ ማረፊያውን ሊስት ይችላል። ስለዚህ ከማፍረሳችሁ በፊት ቅርጹን በካርቶን ቅዱት፣ ስትጨርሱ ከካርቶኑ ጋር አስተያዩት። ለመጨረሻው ማለስለሻ የአካፋ ጀርባ ይሻላል።

ለዕለት ተዕለት ጥገና ግን የሚተካው አላገኘሁም። መንገድ ከጊዜ ብዛት መሃሉ ይሰረጉድና በቁልቁለቱ በኩል ያለው ጠርዝ ከፍ ይላል። ውሃው መውጫ ያጣል፤ መንገዱን ቦይ አድርጎት ይወርዳል። በማክሊዮድ ያንን ጠርዝ ጎትቶ አፍርሶ፣ መንገዱን ወደ ውጭ 5 በመቶ ያህል ማዘንበል ነው። 1 ሜትር ስፋት ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት ነው። ፎቶ የሚያስነሳ ሥራ አይደለም፣ በርም የሚሠራው ልጅ ነው የሚመሰገነው። ቁልቁለቱ መጀመሪያውኑ ከልክ ያለፈ መንገድ ግን በዚህም አይድንም። የመንገዱ ቁልቁለት ከተራራው ጎን ቁልቁለት ግማሽ በላይ ከሆነ ውሃው ወደ ጎን መውጣቱን ትቶ መንገዱን ይከተላል። ለምሳሌ ተራራው 20 በመቶ ከሆነ መንገዱ ከ10 ማለፍ የለበትም። ካለፈ አቅጣጫውን መቀየር እንጂ መጠገን ልፋት ነው።

አካፋ የሌላችሁ መጀመሪያ አካፋ ግዙ። ማክሊዮድ ሁለተኛው ይሁን። ስትገዙም ሱቁ ውስጥ ወለሉ ላይ በብረቱ አቁሙትና እጃችሁን ልቀቁት። ብቻውን ከቆመ ታቹ ጠፍጣፋ ነው፣ ውሰዱት። ከተንገዳገደ መልሱት።