ለልጄ የሂሳብ መምህርት ምስጋናዬ ይድረሳቸው (ደብረ ብርሃንና አካባቢው ላላችሁ ወላጆች)

ሰላም ወገኖቼ። ይህን የምጽፈው ልቤ ሞልቶ ነው። ሰባተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ የሂሳብ ደብተር ስትከፍት ማልቀስ ተወች። ቀላል ነገር ሊመስላችሁ ይችላል፤ ከዚህ በፊት ማታ ማታ ቤታችን ምን ይመስል እንደነበር ያየ ግን እልል ቢል አይፈረድበትም። ልጄን ከዚህ ያወጡልኝ ጠባሴ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ አንዲት መምህርት ናቸው። ስሜን በአደባባይ እንዳትጠሪ ብለው ስላስጠነቀቁኝ አልጠራም። የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ወዲያውኑ አገናኛችኋለሁ።

መጀመሪያ ግን ወደ እሳቸው እስክንደርስ ያሳለፍነውን ልናገር፣ ሆዴ ውስጥ ሲብላላ ስለከረመ። በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጄ ገና አንደኛ ክፍል ነበረች። ከዚያ ወዲህም ትምህርቱ ሲቆራረጥ እንጂ ተረጋግቶ ሲሄድ አላየሁም። መሠረቱ ሳይጠና ክፍሉ ብቻ እየጨመረ ሄዶ፣ ሰባተኛ ላይ ንጥጥርና ወደር የሚባለው ምዕራፍ (አንዱ ነገር ስንት እጥፍ ሲሆን ሌላውም አብሮ ስንት እንደሚሆን የሚሰላበት) ሲመጣ ልጅቷ ባለችበት ቀረች። ማስጠኛ አስገባኋት። አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ልጆቹ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ሰሌዳ ላይ ያለውን ሲገለብጡ ይውላሉ። የገባውንም ያልገባውንም የሚጠይቅ የለም። የወሩ ክፍያ ግን አንዲት ቀን ብታልፍ ልጅቷን ከበር ይመልሷታል።

ከዚያ ቤት ድረስ የሚመጣ አስጠኚ ያዝኩ። «እንዲህ አመሳቅለሽ አባዢ፣ በቀረው አካፍዪ፣ አለቀ» ነበር ትምህርቱ። ልጄ «ለምንድነው የሚመሳቀለው?» ብላ ስትጠይቀው «ለምን የሚል ጥያቄ ፈተና ላይ አይመጣም» ይላታል። አንድ ቀን ጭራሽ ደብተሯን ዘግቶ፣ እሷ አጠገቤ ቆማ እየሰማች፣ «የዚች ልጅ ጭንቅላት ሂሳብ አይቀበልም፣ ገንዘብዎን ባያባክኑ ይሻላል» አለኝ። እኔ እንኳን እችለዋለሁ። ልጄ ግን ቃሉን ይዛ አደረች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ገና ጥያቄውን ሳታነብ «እኔ እኮ ሂሳብ አይገባኝም» ማለት ለመደች። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ስለራሷ እንዲህ ስትል መስማት እናት ለሆነ ሰው ምን ያህል እንደሚያቃጥል አትጠይቁኝ።

ብርድ ልብስ ፋብሪካ የምትሠራ ጎረቤቴ ናት «እኔ የማውቃቸው ሴትዮ አሉ፣ ቅዳሜ ልውሰድሽ» ያለችኝ። እሷንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሄድን።

መምህርቷ መጽሐፍ አላወጡም፣ ፈተናም አልሰጡም። ልጄን አጠገባቸው አስቀምጠው ከየት እንደመጣች፣ እናቷ በሶ ትበጠብጥላት እንደሆነ ጠየቋት። ከዚያ ቀለል አድርገው «ለ2 ማንኪያ በሶ 5 ስኒ ውሃ ብናደርግ ለእኔ ልክ ነው። ዛሬ እንግዳ በዝቷልና 6 ማንኪያ በሶ ላድርግ። ስንት ስኒ ውሃ ልጨምርበት የኔ እናት?» አሏት። ልጄ ዝም አለች። እኔ ደግሞ ያ ልማዷ ሊመጣ ነው ብዬ ልቤ ተንጠለጠለ። ቆይታ በቀጭኑ «9» አለች።

እንግዲህ ሌላው ሁሉ እዚህ ላይ ነበር «ተሳስተሻል» የሚላት። እሳቸው ፊታቸው ላይ ምንም ሳይለወጥ «እንዴት እንዳገኘሽው ንገሪኝ» አሉ። «በሶው በ4 ማንኪያ ስለጨመረ ውሃውንም በ4 ጨመርኩት» አለች። «ጎሽ፣ አስበሽ ነው የመለስሽው። በይ ተነሺ እንሥራውና እንየው» ብለው ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። ጉልበታቸው ያማቸዋል። ተይ ብለው ነገሩን በወረቀት ቢጨርሱት ማን ይወቅሳቸው ነበር? ግን በሁለት ጆግ አስበጠበጧት፤ በአንዱ 2 ማንኪያ ለ5 ስኒ፣ በሌላው የራሷን 6 ማንኪያ ለ9 ስኒ። «ቅመሺ» አሏት። ቀመሰችና «ይሄኛው ወፈረ፣ አንድ አይደሉም» አለች። «እንግዲያው እስኪመሳሰሉ ውሃ ጨምሪበት» አሉ። አንድ ስኒ ትጨምራለች፣ ትቀምሳለች፣ ደግሞ ትጨምራለች። እሳቸው ዝም ብለው ያያሉ፤ አያቻኩሏትም፣ አያግዟትም።

በመሃል እጇ ቆመ። ማንኪያውን አየች፣ ስኒውን አየች። «ቲቸር! 6 ማንኪያ ማለት እኮ ያ 2 ማንኪያ ሦስት ጊዜ ነው። ውሃውም 5ቱ ሦስት ጊዜ መሆን አለበት፤ 15!» አለች። ድምጿ ያ የለመድኩት ድምፅ አልነበረም። መምህርቷ ተናግራ እስክትጨርስ ጠብቀው «ለ1 ማንኪያስ?» አሏት። «2 ስኒ ተኩል።» «ለ7 ማንኪያስ?» ጣቷን እየቆጠረች «17 ተኩል» አለች። ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞረው «ይቺ ልጅ የሚሰማት አጥታ ነው እንጂ ምንም የጎደላት የለም» አሉኝ። እኔ እዚያው አለቀስኩ። በሶውን ማር ጨምረንበት ጠጣነው።

ቀመሩን አስተምረዋት እንዳልሆነ ልብ በሉልኝ። የመጡት ወደ እሷ ሐሳብ ነው፤ ከዚያ እሷው ራሷ ስህተቱን አግኝታ እንድታርመው ጊዜ ሰጧት። ይህን የሚያደርግ ሰው ስንት አለ?

ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ ልተንትን ብል አልችልም። ሠንጠረዥ አለ፣ ግራፍ አለ፣ ከዜሮ ተነስቶ ቀጥ ብሎ የሚሄድ መስመር አለ ትለኛለች ልጄ፤ ዝርዝሩን እሷና እሳቸው ይወቁት። እኔ የያዝኩት ሁለቱን ነው። አንደኛው «የአንዱን ፈልጊ» የሚሉት ነገር ነው። ገበያ ላይ አንዷ 3 ኪሎ ሽንኩርት በ210 ብር፣ ሌላዋ 5 ኪሎ በ325 ብር ትሸጣለች እንበል። ልጄ አሁን በቃሏ የመጀመሪያዋ ኪሎው 70፣ የሁለተኛዋ 65 ነው ብላ ትነግረኛለች። ሁለተኛው ደግሞ ሁሉም ነገር እኩል አብሮ እንደማይጨምር መለየት ነው። የወፍጮ ቤት ክፍያ እህሉ እጥፍ ሲሆን እጥፍ ይሆናል፤ እህል ካልወሰድክ ምንም አትከፍልም። የመብራት ሂሳብ ግን እንደዚያ አይደለም። የአገልግሎት ክፍያ አለበት፤ ፍጆታው ሲጨምር ደግሞ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ራሱ ከፍ ይላል። ልጆቹን የየቤታቸውን የመብራት ደረሰኝ አስመጥተው ነው ያስተማሯቸው። ስንት ዓመት ስከፍል ለምን እጥፍ ሳልጠቀም እጥፍ እንደመጣብኝ የገባኝ ልጄ ስታስረዳኝ ነው።

አንድ ቀን ደግሞ «መኪና ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ተኩል ከገባ፣ በሰዓት ስንት ሄደ?» ብለው ጠየቁ። 52 አለች። «በዚሁ ፍጥነት ደብረ ሲና ይገባል?» ሲሏት «ጣርማበር ላይማ እንደዚያ አይሄድም፣ ጉምና ቁልቁለት አለ» ብላ መለሰችላቸው። ይህን ሲነግሩኝ እንዴት እንደተደሰቱ ብታዩ! ስሌቱን መሥራት ብቻ ሳይሆን ስሌቱ የማይሠራበትንም ቦታ ስላወቀች ነው ደስታቸው።

አባቴ ባሶና ወራና ውስጥ ገብስ ያርሳል። ክረምት ላይ ልጄን ይዣት ሄድኩ። ማዳበሪያ ለሄክታር አንድ ኩንታል ተብሎ ተነግሯቸው፣ የእሱ መሬት ግን 3 ጥማድ ነው፣ ከጎረቤት ጋር እንዴት እንደሚካፈሉ ይነጋገራሉ። ልጄ ከማጀት ብቅ ብላ «አባባ፣ ሄክታር 4 ጥማድ ከሆነ ለ1 ጥማድ 25 ኪሎ ነው። ለአንተ 75 ኪሎ፤ ባለ 50 ኪሎው ጆንያ አንድ ተኩል ይበቃሃል» አለችው። አባቴ ዝም ብሎ አያት። ከዚያ ለጎረቤቶቹ ሁሉ «የልጄን ልጅ ጠይቋት» እያለ አስቸገራት፤ እሷም ለደቦው ሳይቀር ሰው እጥፍ ቢሆን ቀኑ በግማሽ እንደሚያንስ እየነገረቻቸው፣ ይሄኛው ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው እያለች ስታስተምራቸው አመሸች። «ጭንቅላቷ ሂሳብ አይቀበልም» የተባለችው ልጅ ናት እንግዲህ። ያ አስጠኚ ያን ማታ በነበረና በሰማ!

ወላጆች እባካችሁ፣ ልጃችሁ በሂሳብ ተስፋ ቆርጦ ከሆነ ወደ እኚህ ሴት ውሰዱት። ደግሜ እላለሁ፣ ውሰዱት። አይቆጡም፣ አይመቱም፣ ልጅን ከልጅ አያወዳድሩም። ይሄን ያህል ውጤት አመጣላችኋለሁ ብለው ቃል አይገቡም፤ እኔንም «ውጤቱ ይቆይ፣ መጀመሪያ ትፍታታ» ነበር ያሉኝ። ውጤቱም መጣ። ክፍያቸው ሌላ ቦታ ከከፈልኩት ያነሰ ነው፣ ላልቻለ ሰው ደግሞ እንዴት እንደሚያደርጉለት እኔ ባልናገር ይሻላል፣ ስለማይወዱ። የሦስት ልጆች እናት ለሆነች አንዲት ጓደኛዬም ነግሬያት ወስዳለች፤ አሁን እሷም እንደኔ ነው የምታወራው።

መምህርት፣ ይህን ሰው ያነብልዎታልና፣ እድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥልኝ። ያን ቀን በዚያ ጉልበትዎ ተነስተው በሶ ያስበጠበጡልኝን አልረሳውም።

የሚያስተምሩት ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል። ቤታቸው ጠባብ ስለሆነ ብዙ ልጅ አይቀበሉም፤ ለሚኒስትሪ የምታዘጋጁ ቀደም ብላችሁ ተመዝገቡ። ልጁ ደብተርና እርሳስ፣ ቤት ውስጥ ካለም የቆየ የመብራት ደረሰኝ ይዞ ይሂድ፤ ይጠይቁታል።