«የኤርትራ የመጀመሪያው የነጻነት ሳንቲም» ሲሏችሁ ቀብድ አትላኩ

ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ የሚዞር ማስታወቂያ አለ። «የኤርትራ የመጀመሪያው የነጻነት ሳንቲም፣ የ1993፣ ንጹሕ ሲልቨር፣ ከነሰርተፍኬቱ፣ ሁለት ሳጥን ብቻ ቀርቷል» ይላል። ዋጋው 18 ሺህ ብር ነው። ግማሹን ቀብድ ላኩ፣ ዕቃው በሞተር ቤታችሁ ድረስ ይመጣል ይላሉ። ሳንቲም የምትሰበስቡም ሆናችሁ ለስጦታ የምትፈልጉ፣ ይቅርባችሁ።

አንድ ወዳጄ ገዝቶ አሳየኝ። ማማሩን ያምራል፤ አይካድም። ቀይ ከፋይ የተነጠፈበት ሳጥን ውስጥ ስድስት ሳንቲም ተደርድሯል፣ እያንዳንዱ በፕላስቲክ ማቀፊያ። የሜዳ ፍየል፣ ነብር፣ ሰጎን፣ የሜዳ አህያ፣ አጋዘን፣ ዝሆን ከነግልገሏ። በጀርባው ባንዲራ የሚተክሉ ታጋዮች አሉ። ሰርተፍኬቱ 1993 ይላል። ሳንቲሞቹ ላይ የተጻፈው ዓመት ግን፣ ስድስቱም ላይ፣ 1997 ነው። ሻጩ የሚሸጠውን ዕቃ እንኳ አገላብጦ አላየውም! ከፍሪጁ ላይ ማግኔት አንስቼ ሳስጠጋው ዝሆኗ ቀጭ ብላ ተለጠፈች። ሲልቨር ቢሆን ማግኔት አይነካውም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤርትራ ነጻነቷን በይፋ ያወጀችው ግንቦት 16 ቀን 1985 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጆቹ 1993። ገንዘቧ ግን ወዲያው አልተቀየረም። ናቅፋ የመጣው በፈረንጆቹ ኖቬምበር 1997 ነው። እስከዚያ ድረስ አሥመራ ላይ ማኪያቶ የሚጠጣው በእኛው ብር ነበር፣ መልሱም የእኛው ባለ አንበሳ ሳንቲም። ስለዚህ በ1993 ገበያ ላይ የዋለ የኤርትራ ሳንቲም የሚባል ነገር የለም። የ1997ዎቹ ስድስቱም ኒኬል የተለበጠ ብረት ናቸው። ብርቅም አይደሉም፤ ውጭ አገር ያሉ ሻጮች ሙሉውን በጥቂት ዶላር ይሰጧችኋል። ቢጫ ሆነው ካያችኋቸው ደግሞ ሰው ቀብቷቸው እንጂ ሲወጡ እንደዚያ አልነበሩም።

1993 የሚል የኤርትራ ሳንቲም ጭራሽ የለም ወይ? አለ። ችግሩ ላዩ ላይ የሚለው «ዶላር» ነው። ኤርትራ ደግሞ የራሷ ዶላር ኖሯት አያውቅም። ለሰብሳቢ ተብለው የወጡ ናቸው፣ ባለ ዳይኖሰር አለ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ባለ አቦሸማኔ። የአሥመራ ባለሱቅ በእጁም አልነካቸው። (እኔ በበኩሌ ባለ ዳይኖሰሩን እወደዋለሁ፣ ግን በዋጋው።) ባለ 1 ዶላሩ የመዳብና የኒኬል ቅልቅል ነው፤ ሲልቨሩ ባለ 10 ዶላሩ ነው።

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። የመዳብና የኒኬል ቅልቅሉን ማግኔት አይዘውም። ሻጩ ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ማግኔት አስጠግቶ ቪዲዮ ቀርጾ ይልክላችኋል፣ እናንተም አመናችሁ። ማግኔት ከያዘው ሲልቨር አይደለም፤ ካልያዘው ግን ገና ምንም አልታወቀም። የምታውቁት ወርቅ ቤት ወስዳችሁ አስፈትሹ። ሻጩ ከእናንተ ጋር ወርቅ ቤት ለመሄድ ካንገራገረ ነገሩ አልቋል።

ወዳጄ ገንዘቡን ለማስመለስ ሲደውል መጀመሪያ «ስብሰባ ላይ ነኝ» ተባለ። ማታ ላይ ብሎክ ተደረገ። ስለዚህ ብር ከመላካችሁ በፊት የሁለቱንም ፊት ፎቶ ጠይቁ፣ ዓመቱና ሳንቲሙ ላይ የተጻፈው ዋጋ በደንብ በሚነበብበት አድርጎ። ሰርተፍኬቱን እርሱት፤ ማንም ኮምፒውተር ቤት ያትመዋል።

ያው ቻናል አሁን ደግሞ «የደቡብ ሱዳን የ2011 የመጀመሪያ መገበያያ ሳንቲም» ጀምሯል። ደቡብ ሱዳን በፈረንጆቹ ጁላይ 2011 ነጻ ስትወጣ ያወጣችው የወረቀት ፓውንድ ነው። መገበያያ ሳንቲም የመጣው በ2015 ነው። ጁባ የነገዳችሁ ታስታውሳላችሁ፣ ያኔ የፓውንዱ ዝርዝር የሆነው ፒያስትርም ወረቀት ነበር።