ክብሪት ጭረው "ጥጥ ነው" የሚሏችሁ ልጆች ጋ እንዳትገቡ (ሐዋሳ)

አሁን ከልብስ ሱቁ መመለሴ ነው። እጄ ገና አልረጋም፤ የፊደል ግድፈት ብታገኙ እለፉት። የሱቁን ስም አልጽፍም፤ ገንዘቤን በልተው ደግሞ "ስማችንን አጠፋች" እንዲሉኝ አልፈልግም። ሐዋሳ ያላችሁ ግን ዓይነታቸውን ታውቁታላችሁ። ፒያሳ፣ ፎቅ ላይ፣ ሙዚቃው ገና ደረጃው ላይ ሳላችሁ የሚቀበላችሁ፣ ቴሌግራም ላይ ፎቶ ለጥፈው ዋጋ ሲጠየቁ "ኢንቦክስ" የሚሉት። ስትገቡ "የኔ ቆንጆ"፣ ስትወጡ "በጤና ልበሺው"።

ለመዘነጥ ብዬ አልገባሁም። ባለፈው ወር ቁም ሳጥኔን አልጋ ላይ ገልብጬ ልብሴን ቆጠርኩ፤ 31 ሆነ። ሰባቱ የሚዜና የሰርግ ቀሚሶች ናቸው፤ አንዴ ተለብሰው የተሰቀሉ፣ ከምንም ጋር የማይሄዱ። ቢሮ የማዘወትረው ስድስቱን ብቻ ነው። ስለዚህ ሂሳብ ሠራሁ፤ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ሱሪ፣ ከሁለቱም ጋር የሚሄዱ ሦስት ሸሚዞች። ሁለት ሱሪ በሦስት ሸሚዝ ስድስት ዓይነት አለባበስ ነው፤ የሥራ ሳምንት ከነቅዳሜው አለቀ። ብቻ ሸሚዙ ጥጥ መሆን አለበት። በቀትር ባጃጅ ውስጥ ሦስተኛ ሰው ሆና የተቀመጠች ሴት ለምን እንደሆነ ይገባታል።

ያለፈው ቅዳሜ ነው የገዛሁት። ልጁ ሸሚዙን ሲያወርድ "ይሄ የፓርኩ ነው እህቴ፣ ኤክስፖርት ስታንዳርድ። አጎዋ፣ ያ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የሚላክበት ዕድል፣ በ2014 ሲቆም ሳይጫን የቀረ" አለኝ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ከተከፈተ ጀምሮ ሰፈራችን ውስጥ እዚያ ሰው ያልሠራበት ቤት የለም፤ ወሬው ጆሮዬን አልቧጨረውም። ኮሌታው ውስጥ በእንግሊዝኛ "መቶ በመቶ ጥጥ" የሚል ጨርቅ ተሰፍቷል። እኔም እንደ አዋቂ "ጨርቅ መስፋት ማንም ይችላል" አልኩት።

እዚህ ጋ ነው እንግዲህ። ልጁ አልተቆጣም፤ እንዲያውም ደስ አለው። "ጎበዝ! እንዳንቺ የሚጠይቅ ደንበኛ ነው የምወደው" ብሎ ክብሪት ከኪሱ አወጣ። የሸሚዙን ጫፍ ያዘ፣ "ቬንትሌተሩ እንዳያጠፋብን" ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ፣ ዞር ሲል በጣቶቹ መሀል አንድ ነጭ ክር አለ። ለኮሰው። እንደ ወረቀት ነደደ፤ አመዱን መዳፌ ላይ አድርጎ በጣቱ አሸው፣ ብን ብሎ ጠፋ። "ሽታው ደግሞ የወረቀት ነው፣ አሽትቺው" አለኝ። አሸተትኩት! ሰው ፊት፣ መዳፌን አፍንጫዬ ላይ ደፍቼ።

ሦስት ሸሚዝ በ2,800፣ ሁለት ሱሪ በ3,500፤ 15,400 ብር። "ደረሰኝ ከፈለግሽ ቫት ይጨመራል" አለችኝ ካሸሯ፤ 15 በመቶውን በልቤ አስልቼ "ይቅር" አልኩ። በቴሌብር ላኩ። የመጣው ስም የሱቁ አልነበረም፤ የሆነ ሰው ስም ነው። አይቼዋለሁ፤ እያየሁ "ላክ" የሚለውን ነካሁ።

ሰኞ ሰማያዊውን ሸሚዝ ለበስኩ። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ጀርባዬ ላይ እንደ ፌስታል ተጣበቀ። ማክሰኞ ማታ ጥቁሩን ሱሪ ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፌ ዞር ስል እናቴ ነጠላዋን ጨምራበት ኖሮ፣ ጥበቡ ሳይቀር አመድ መስሎ ወጣ። እስካሁን በቅጡ አላናገረችኝም።

ሐሙስ ሌላውን ሱሪ ለማሳጠር የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ጋ ወሰድኩ። ሸሚዙንም አሳየኋቸው። በሁለት ጣታቸው አሹት፣ ቀና ብለው አዩኝ።

"ማነው ጥጥ ነው ያለሽ?"

"ክሩን አቃጥሎ አሳይቶኛል ጋሼ።"

"ክሩን ማን መዘዘው?"

"እሱ።"

"ከየት ሲመዘው አየሽ?"

ዝም አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ሿሿ ታክሲ ውስጥ ብቻ የሚሠራ ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ምንም ሳይጨምሩ ሸሚዙን ገለበጡ፣ ከጎን ስፌቱ ውስጥ ከተረፈው ጨርቅ ላይ አንድ ክር መዘዙና ለኮሱት። አልነደደም፤ ተኮማትሮ ቀለጠ። የላስቲክ ሽታ ሸተተ፤ ጫፉ ላይ እንደ ጤፍ ፍሬ የምታህል ጠንካራ ጥቁር ኳስ ቀረች። በጥፍሬ ልጨፈልቃት ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። ፖሊስተር ነው። ኮሌታው ላይ ያለውን ጨርቅ ሲፈቱት ደግሞ ከሥሩ የሌላ ጨርቅ ቁራጭ ተገኘ፤ የመጀመሪያውን ቆርጠው አንስተውታል።

ዛሬ ሁሉንም ይዤ ሄድኩ። "የኔ ቆንጆ" ስትለኝ የነበረችው ልጅ ከስልኳ ቀና ሳትል "ሴትዮ፣ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ ተጽፏል" አለች። ወዴት? መስታወቱ ጀርባ፣ ቀሚስ ተሰቅሎበት! ልጁ መጣ። ያችን ጥቁር ኳስ አሳየሁት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ራስሽ አቃጥለሽ ራስሽ ትመልሺያለሽ?" ሳቁ፤ ሦስቱም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየር ወይም ብሩ እንዲመለስ መጠየቅ ይቻላል እንደሚል ነገርኩት፤ ገና ስምንተኛ ቀኔ ነው። "ደረሰኝሽን አምጪያ" አለኝ። እዚያው ቆሜ እያለሁ ሁለት ተማሪ የሚመስሉ ልጆች ገቡ። ክብሪቱን ከኪሱ ሲያወጣ በዓይኔ አየሁ። "ከየት እንደሚመዘው እዩ" ብዬ ጮህኩ፤ ልጅቷ ሙዚቃውን ከፍ አደረገችው።

ባጭሩ፣ ክሩን ራሳችሁ ምዘዙ፣ ከውስጥ ስፌት፣ በራሳችሁ ክብሪት። ቫቱን ክፈሉና ደረሰኝ ያዙ፤ ለእኔ 2,310 ብር ነበር የሚሆነው። የቴሌብር ስሙ የሱቁ ካልሆነ አትላኩ። የቴሌብር መልእክቱን ይዤ ንግድ ቢሮ ሰኞ እሄዳለሁ፤ የሚሆነውን እናያለን።

የምሄደው ግን ያንኑ ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሼ ነው። አዲሱ መጣ ብዬ፣ ቁም ሳጥኑ ይለቀቅ ብዬ፣ ያዘወትራቸው የነበሩትን አሮጌ ሸሚዞቼን እሁድ ዕለት ለሰው ሰጥቻቸዋለሁ።